ካርቦን ዳይኦክሳይድና የፕላኔት ሙቀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን፤ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፕላኔትን ሙቀት የሚቀይረው እንዴት ነው? በአጭሩ።

ፕላኔት ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይ ነው። የምታጣው ደግሞ በዓይን የማይታይ ጨረር፣ ማለትም ኢንፍራሬድ፣ ወደ ጠፈር በመልቀቅ ነው። ሌላ መውጫ የላትም። ጠፈር ባዶ ስለሆነ ሙቀት በንፋስም በንክኪም ከፕላኔቷ አይወጣም። የገባውና የወጣው እኩል ሲሆን ሙቀቷ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነካው ወጪውን ነው። የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፣ ከመሬት የሚነሳውን ኢንፍራሬድ ግን መንገድ ላይ ይይዛል። ጋዙ ሲበዛ ገቢው እንዳለ ሆኖ ወጪው ይቀንሳል፣ ልዩነቱ እዚሁ ይከማቻል፣ ፕላኔቷም ትሞቃለች። የሞቀ ነገር ደግሞ የበለጠ ጨረር ይለቃል፤ ስለዚህ ወጪው ቀስ እያለ አድጎ ከገቢው ጋር ይስተካከላል። ሚዛኑ ይመለሳል ማለት ነው። የሚመለሰው ግን ከበፊቱ ሞቅ ባለ ቦታ ላይ ነው።

ጋዙ ራሱ ሙቀት ያመነጫል?

አያመነጭም። ሙቀቱ በሙሉ የፀሐይ ነው። በቁጥር እንየው ካላችሁ፣ ፀሐይ ምድር ያለችበት ርቀት ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1361 ዋት ገደማ ታወርዳለች። ምድር ክብ ስለሆነችና ግማሿ ሁልጊዜ ሌሊት ስለሆነ አማካዩ ወደ 340 ዋት ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ 30 በመቶ የሚሆነውን ደመናው፣ በረዶውና አሸዋው ያንጸባርቁትና ወደ መጣበት ይመለሳል። የሚቀረው 240 ዋት ገደማ ነው። ምድር ይህንኑ 240 ዋት ለጠፈር መመለስ አለባት።

አሁን ግን ሙሉውን እየመለሰች አይደለም። ሳተላይቶችና ውቅያኖስ ውስጥ እየጠለቁ የሚለኩ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች እንደሚያሳዩት በየካሬ ሜትሩ 1 ዋት ገደማ እዚሁ ይቀራል። «1 ዋት ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። የምድር ቆዳ ስፋት 510 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አባዙትና እዩት፣ ያውም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ። ከዚህ ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ የሚሆነው ውቅያኖስ ውስጥ ይገባል። አየሩ የሚደርሰው በጣም ትንሹ ነው፤ እኛ የምንጮኸው በዚያች ትንሿ ነው።

ጨርሶ ባይኖርስ ጥሩ አልነበረም?

እንኳን ኖረ! ሙቀት አማቂ ጋዞች ባይኖሩ፣ 240 ዋት ብቻ ተቀብላ 240 ዋት የምትለቅ ምድር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሆን ነበር። እውነተኛው አማካይ ከዜሮ በላይ 15 ገደማ ነው። የ33 ዲግሪ ልዩነቱ የጋዞቹና የደመናው ሥራ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ ያላት ርቀት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ከባቢ አየር ግን የላትም። ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ ትግላለች፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ100 በላይ ትወርዳለች።

በ2010 የናሳ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ሞዴል ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሌሎቹን እንደ ውሃ ተን ቀዝቅዘው ወደ ፈሳሽነት የማይመለሱ አማቂ ጋዞች አውጥተው ምን እንደሚሆን አይተው ነበር። ሞዴሉ ላይ 50 ዓመት ሳይሞላ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ወረደ። ችግሩ የጋዙ መኖር ሳይሆን በአጭር ጊዜ ይህን ያህል መጨመሩ ነው።

በከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው ጋዝ ይሄው ነው?

አይደለም። ዝግ ቤት ውስጥ በከሰል የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ የኦክስጅንን ቦታ ደም ውስጥ የሚቀማ ሌላ ጋዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአምቦ ውሃ ሲከፈት ፍሽሽ ብሎ የሚወጣው ነው፣ እኛም የምንተነፍሰው። በአየር ውስጥ ባለው መጠን መርዝ አይደለም። «መርዝ ካልሆነ ምን ይጎዳል» የሚባለው ሙግት ግን ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ጥያቄው የጨረር እንጂ የጤና አይደለም።

ከአየሩ 0.04 በመቶ ብቻ ሆኖ እንዴት ይህን ሁሉ ያደርጋል?

ይህ ጥያቄ መቼም አያልቅም። መልሱ ደግሞ ቀሪው 99.9 በመቶ ምን ይሠራል የሚለው ላይ ነው። ናይትሮጅን፣ ኦክስጅንና አርጎን ለኢንፍራሬድ እንደሌሉ ናቸው፤ ጨረሩ በመካከላቸው ሰተት ብሎ ያልፋል። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ከሁለት ተመሳሳይ አተሞች የተሠሩ ስለሆኑ ሲርገበገቡ ጨረሩ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ጫፍ አይፈጥሩም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሦስት አተም አለው፣ መሃል ላይ ካርቦን፣ ግራና ቀኝ ኦክስጅን። እንደ ክንፍ እጥፍ ዘርጋ ሲል የሞገድ ርዝመቱ 15 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ የሆነውን ጨረር ይውጣል። ምድር ደግሞ አብዝታ የምትለቀው በዚሁ አካባቢ ነው።

መቶኛውን ትታችሁ በክብደት ብታስቡት ይሻላል። አሁን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት በላይ፣ እስከ አየሩ ጣሪያ ድረስ፣ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 4 ኪሎ ከምናምን ነበር። የ6 ኪሎ ጋዝ መጋረጃ «ኢምንት» ለማለት ያስቸግራል።

ይህን ማን አወቀው? የቅርብ ጊዜ ወሬ አይደለም እንዴ?

የቅርብ ጊዜ ወሬ ቢሆን ኖሮ ከአድዋ ጦርነት ጋር እኩዮች አይሆኑም ነበር። በ1856 ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት የመስታወት ሲሊንደሮች ውስጥ የተለያየ ጋዝ ሞልታ፣ ቴርሞሜትር አስገብታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሁሉም በላይ ሞቀ፣ ከፀሐይ ሲነሳም ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። አየሩ በዚህ ጋዝ የተሞላ ቢሆን ምድር ትሞቅ እንደነበር ያኔውኑ ጻፈች። ሙከራዋ የፀሐይ ብርሃንን ከኢንፍራሬድ አይለይም ነበር፤ ያንን በ1859 ለንደን ላይ ጆን ቲንደል አደረገው፤ ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሙቀት ጨረርን እንደሚያሳልፉ፣ የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደሚይዙ ለካ።

ስዊድናዊው ስቫንቴ አርሄኒየስ ደግሞ ጋዙ እጥፍ ቢሆን ምድር በስንት ዲግሪ ትሞቃለች የሚለውን በእጁ አስልቶ በ1896 አሳተመ፤ ዓመቱ ራሱ የአድዋ ነው። እሱ ያገኘው 5 እና 6 ዲግሪ ነበር። ዛሬ ከሚታመነው ከፍ ይላል፣ ግን በወረቀትና በእርሳስ ለተሠራ ሒሳብ የሚያስቀና ነው። በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ ሃዋይ፣ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ጋዙን መለካት ሲጀምር መጠኑ ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል።

ዋናው አማቂ የውሃ ተን አይደለም እንዴ?

ነው። በብዛት የሚይዘው እሱ ነው። የደጋ ገበሬ ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቀዋል። ህዳርና ታህሳስ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ አየሩ ሲደርቅ፣ ሌሊቱን የመሬቱ ሙቀት ወደ ላይ ይሸሽና ደብረ ብርሃን አካባቢ ባቄላው በውርጭ ተመቶ ያድራል። በክረምት ደመናና እርጥበት ባለበት ሌሊት ግን ውርጭ የለም። ፀሐይ ሁለቱንም ሌሊት የለችም፤ የተለየው ከላይ ያለው ተንና ደመና ነው።

ግን የውሃ ተን በራሱ አይመራም። አየር የሚችለው ተን በሙቀቱ ይወሰናል፤ ከበዛበት ዘንቦ ይወርዳል። አንድ የተነነ ውሃ አየር ላይ የሚቆየው በአማካይ ከ10 ቀን አይበልጥም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አይዘንብም፤ ዛሬ የተለቀቀው ከፊሉ ከሺህ ዓመት በኋላም እዚያው ነው። ስለዚህ ካርቦኑ ትንሽ ያሞቃል፤ በየ1 ዲግሪው አየሩ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ተን መሸከም ይችላል፣ ተኑም መልሶ ያሞቃል። የውሃ ተን ኃይለኛ ነው፣ ነገር ግን ተከታይ ነው።

ከኦዞን መሳሳት ጋር አንድ ነገር ነው?

አይደለም፤ ሬዲዮ ላይ ሳይቀር ይቀላቀላል። ኦዞን የሚያስቆመው ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ነው። ያሳሱት ድሮ ለፍሪጅና ለስፕሬይ የሚያገለግሉት እነ ክሎሮፍሎሮካርቦን ናቸው፣ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ቀስ በቀስ እንዲታገዱ ተደርጓል፣ ኦዞኑም እያገገመ ነው። «ቀዳዳው ስለተከፈተ ፀሐይዋ በዛች» የሚለው ለምድር መሞቅ ምክንያት አይሆንም።

የአፋር እሳተ ገሞራዎች ከመኪናና ከፋብሪካ በላይ አይለቁም?

በእኛ አቆጣጠር ህዳር 2018 ዓ.ም. የኤርታሌ ጎረቤት የሆነው ሀይሊ ጉቢ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ሕንድ ድረስ ሲሄድ፣ ይህ ጥያቄ እንደ ጉድ ተጠየቀ። ያስደነግጣል፣ ልክ ነው። ሆኖም በዓለም ያሉ እሳተ ገሞራዎች በሙሉ ተደምረው በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚለቀው 1 በመቶ አይሞላም። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ብቻ በዓመት ከ37 ቢሊዮን ቶን ያላነሰ ይወጣል። እንዲያውም ትልልቅ ፍንዳታዎች ለጊዜው ያቀዘቅዛሉ፤ በ1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ ወደ ላይ የረጨው ሰልፈር የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ ምድርን ለአንድ ሁለት ዓመት በግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዟታል።

አየሩ ውስጥ የተጨመረው ካርቦን የማን እንደሆነም ምልክት አለው። ካርቦን 14 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ዓይነት በ5,730 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ለሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ነዳጅ ውስጥ ምንም አይቀርም። የአየሩ ካርቦን በዚህ ባዶ ካርቦን እየቀጠነ ሄዷል። የኦክስጅኑም መጠን በትንሽ በትንሹ እየቀነሰ ነው፤ ማቃጠል ኦክስጅን ይበላል፣ እሳተ ገሞራ ግን አይበላም።

«የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ ድሮ ሞልቷል፣ ቢጨመርም ለውጥ የለውም» የሚሉስ?

ይህ የሞኝ ሙግት አይደለም። በ1900 ክኑት ኦንግስትሮም የተባለ የፊዚክስ ሰው ቱቦ ውስጥ ጋዝ ሞልቶ ጨረር አሳለፈበት፤ የጋዙን መጠን ሲቀያይር የተያዘው ጨረር ብዙም አልተለወጠም። ለብዙ ዓመታት የአርሄኒየስን ሒሳብ ገሸሽ ያስደረገው ይኸው ነው። ከመሬት አጠገብ ሆናችሁ ካያችሁት እውነትም አለው፤ በ15 ማይክሮሜትር ላይ ያለው ጨረር ሩቅ ሳይሄድ ይያዛል።

ስህተቱ ጨረሩ አንዴ ከተያዘ ነገሩ አበቃ ማለቱ ላይ ነው። አያበቃም። የያዘው አየር ይሞቃል፣ መልሶ ይለቃል፣ ከላዩ ያለው ይቀበላል፣ እንዲህ እየተቀባበለ ይወጣና ጋዙ የሳሳበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ያመልጣል። ምድር ለጠፈር የምትከፍለው ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና ነው። ደምረን ስናማክለው 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ። ቅድም ያልነው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚገኘው እዚያ ነው። እዚህ ጋ የአገራችን ሰው ከሌላው ይቀድማል፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያለ ያደገ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ እንደሚበርድ አይነገረውም። ከአፋር ረባዳ ተነስቶ ደሴ የሚገባ ሰው ጃኬቱን መንገድ ላይ ነው የሚደርበው። በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

አሁን ጋዝ ጨምሩ። አየሩ ግልጥ የሚልበት ቦታ ወደ ላይ ይገፋል። ላይ ደግሞ ብርድ ነው፤ የቀዘቀዘ አየር የሚለቀው ጨረር ያነሰ ነው። ወጪው ጎደለ ማለት ነው። ያ አዲስ ከፍታ ሞቆ የበፊቱን ያህል እስኪለቅ ድረስ ከሥሩ ያለው ሁሉ አብሮት ይሞቃል። ጋዙ እጥፍ ሲሆን ይህ ከፍታ በ150 ሜትር አካባቢ ከፍ ይላል። በ6.5 አባዙት፣ 1 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ሙቀቱን የሚወስነው ታች መሬት ላይ ስንት ተያዘ የሚለው ሳይሆን ላይ ከየት ከፍታ አመለጠ የሚለው ነው። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ እላለሁ።

ፀሐይ ብትሆንስ ያሞቀችን?

ፀሐይ ብትሆን ከባቢ አየሩ ከታች እስከ ላይ አብሮ ይሞቅ ነበር። የሚታየው ሌላ ነው። ታችኛው ክፍል እየሞቀ ስትራቶስፌር የሚባለው ላይኛው ክፍል እየቀዘቀዘ ነው፤ ሳተላይቶች ከ1979 ጀምሮ ይህን ሲመዘግቡ ኖረዋል። እዚያ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዋና ሥራው ሙቀትን ወደ ጠፈር መልቀቅ ስለሆነ ሲበዛ ያቀዘቅዛል። ከቅዝቃዜው የተወሰነው በኦዞን መቀነስ የመጣ ነው፣ በተለይ በታችኛው ስትራቶስፌር፤ ከፍ ባለው ላይ ግን ዋናው ካርቦን ነው። ስዩኩሮ ማናቤ ከሪቻርድ ዌዘራልድ ጋር ይህን በ1967 በስሌት አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል።

ቬኑስ ለፀሐይ ስለቀረበች አይደል የጋለችው?

ጎህ ሲቀድ የምናያት አጥቢያ ኮከብ እሷ ናት፣ ያን ያህል የምታበራውም ደመናዋ ብርሃኑን ስለሚመልስ ነው። ከሚደርሳት ብርሃን ሦስት አራተኛውን ታንጸባርቃለች። ስለዚህ ለፀሐይ ከእኛ ብትቀርብም፣ የምታስቀረው ሙቀት በካሬ ሜትር ሲሰላ ከምድር ያንሳል! በዚያ ሒሳብ ብቻ ቢሆን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነች። መሬቷ ላይ የሚለካው ግን 464 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እርሳስ ይቀልጥበታል። በ1982 ያረፈችው የሶቪየት መንኮራኩር ቬኔራ 13 እዚያ ሠርታ የቆየችው 127 ደቂቃ ነው። ሜርኩሪ ለፀሐይ ይበልጥ ትቀርባለች፣ ግን ሙቀት የሚያምቅ አየር ስለሌላት ሌሊቷ ከዜሮ በታች ከ150 በላይ ይወርዳል።

የቬኑስ አየር 96 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ግፊቱም የእኛን 92 እጥፍ። ከላይ ያልነውን ከፍታ አስታውሱ። ቬኑስ ላይ ሙቀት ወደ ጠፈር የሚያመልጠው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ነው። ከዚያ ወደ ታች በወረዳችሁ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሙቀቱ ይጨምራል፣ መሬቱ ጋ ስትደርሱ እቶን ነው። ምድር ነዳጅ በማቃጠል ብቻ ቬኑስ ትሆናለች የሚለው ግን ማጋነን ነው፤ ያን ያህል ካርቦን አናገኝም። ያለን አብዛኛው ካርቦን በኖራ ድንጋይ ተቆልፏል።

ማርስስ? እሷም 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ለምን በረደች?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ተጠራጣሪዎች የሚወዱት። መቶኛ እዚህም ያታልላል። የማርስ አየር ግፊቱ ከእኛ 1 በመቶ አይሞላም። ነገር ግን ካርቦኑን ብቻ ብትመዝኑት በአንድ ካሬ ሜትር 160 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከምድር 25 እጥፍ። ታዲያ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ የሆነው ለምንድነው?

አንደኛ፣ የሚደርሳት ፀሐይ የእኛን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ሁለተኛ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞለኪውሎቹ እምብዛም አይጋጩም፤ ግጭት ሲኖር ነው ጋዙ የሚይዘው የጨረር ድርሻ የሚሰፋው፣ ካልተጋጩ ጠባብ ጠባብ መስመር ብቻ ይዘው የቀረውን ያሳልፋሉ። ሦስተኛ፣ አግዞ የሚያሞቅ የውሃ ተን የለም ማለት ይቻላል። ጋዙ እዚያ የሚያመጣው ሙቀት 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። እንዲያውም በክረምት ዋልታዎቿ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ በረዶ ሆኖ ይወርዳል፤ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች በ1976 ካረፉ በኋላ የአየር ግፊቷ ከወቅት ወቅት በሩብ ያህል ሲወጣና ሲወርድ መዝግበዋል።

በበረዶ ዘመን ሙቀቱ ቀድሞ ካርቦኑ ተከተለ ይባላል። ታዲያ ምክንያቱ ማን ነው?

የአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የታፈነው አየር 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ይነበባል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን ከ180 እስከ 300 ሲመላለስ ኖሯል፣ ያንን አልፎ አያውቅም። አንዳንዱ ቦታ ላይ በእርግጥ የአንታርክቲካ ሙቀት መጀመሪያ ነቅነቅ ይላል። ጀማሪዋ የምድር ምህዋር ናት፤ ዘንበል ስትል፣ ምህዋሯ ሲለጠጥ፣ ፀሐይ በየኬክሮሱ የምትወርድበት መጠን ይቀያየራል። ውቅያኖስ ትንሽ ሲሞቅ ካርቦኑን ይለቃል፤ ሞቅ ያለ ቦታ የተቀመጠ አምቦ ውሃ ሲከፈት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። የወጣው ጋዝ መልሶ ያሞቃል፣ ያ ደግሞ ሌላ ያስወጣል። ምህዋር ብቻዋን የዓለምን ሙቀት በዚያ መጠን አታነሳም ነበር፤ ባሌ ላይ የሳነቴን አምባ ሸፍኖ የነበረውን ግግር በረዶ ጠራርጎ ለማጥፋት የካርቦኑ እገዛ አለበት።

ስለዚህ ጋዙ አንዳንዴ ተከታይ፣ አንዳንዴ መሪ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ውቅያኖሱ እየለቀቀ ሳይሆን እየዋጠ ነው፣ አሲዳማነቱም በዚያው ልክ እየጨመረ ነው። ካርቦኑ ከውቅያኖስ መጣ ለማለት መንገድ የለም።

እጥፍ ቢሆን ስንት ዲግሪ እንሞቃለን?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ በሆነ ቁጥር የምድር ወጪ በየካሬ ሜትሩ ወደ 4 ዋት ይጎድላል። ከ280 ወደ 560 ቢሄድም፣ ከ560 ወደ 1120 ቢሄድም ጉድለቱ ተቀራራቢ ነው፤ የመጀመሪያዋ ጭማሪ ከኋለኛዋ ትከብዳለች ማለት ነው። ጋዙ ለብቻው 1 ዲግሪ ከትንሽ ያመጣል። የውሃ ተኑ፣ የሚቀልጠው በረዶና የደመናው ለውጥ ሲደመር 3 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ፓነል በ2021 ሊሆን የሚችለውን ከ2.5 እስከ 4 አድርጎ አስቀምጦታል። ክርክሩ ያለው እዚህ ክልል ውስጥ ነው፣ በተለይ ደመናው ላይ። ዝቅ ያለ ደመና ያቀዘቅዛል፣ ከፍ ያለው ስስ ደመና ያሞቃል፣ የትኛው ምን ያህል ይለወጣል የሚለው ገና ያወዛግባል።

ልቀቱ ዛሬ ቢቆም ምድር ወዲያው ትቀዘቅዛለች?

አትቀዘቅዝም፤ ሙቀቱ ባለበት አካባቢ ይቆማል እንጂ። ልቀቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ውቅያኖስና ዕፅዋት ካርቦኑን እየሳቡ ከአየሩ ይቀንሱታል፣ ይህ ያቀዘቅዛል። በሌላ በኩል ውቅያኖሱ ገና ሞቆ ስላልጨረሰ የላይኛው ሙቀት መጨመር ይፈልጋል። ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ ይጣፋሉ። ስለዚህ «የባሰው ሁሉ ቀድሞ ተወስኗል» የሚለው ልክ አይደለም፣ «እናቆምና ወደ ድሮው ይመለሳል» የሚለውም ልክ አይደለም። ወደ ድሮው እንዲመለስ ከተፈለገ ካርቦኑን ከአየር ማውጣት ይጠይቃል።

ፕላኔቷ ራሷን አታስተካክልም?

ታስተካክላለች፤ ጊዜ ካላችሁ። ዝናብ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ሲወርድ ትንሽ አሲዳማ ይሆናል፣ ድንጋይ ይበላል፣ የሟሟው ማዕድን ባሕር ገብቶ ከካርቦኑ ጋር የኖራ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። ሲሞቅ ዝናቡም መብላቱም ይፈጥናል፣ ካርቦኑ ይቀንሳል፣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ በተቃራኒው። ፀሐይ በወጣትነቷ፣ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ከዛሬው 25 በመቶ ገደማ ደብዛዛ ሆና ሳለ ምድር ላይ ፈሳሽ ውሃ እንዲኖር ይህ ቀርፋፋ ቴርሞስታት (ሙቀት አስተካካይ) ረድቷል ተብሎ ይታመናል።

አንዳንዴ ግን ይስታል። ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ምድር እስከ ምድር ወገብ ድረስ በረዶ ለብሳ ነበር፤ የዚህ ማስረጃ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ትግራይ ነው። ነጋሽ አካባቢ በሚታየው የተምቤን የድንጋይ ንብርብር ላይ ግግር በረዶ እየገፋ ያመጣው ጠጠርና ጭቃ ተጋግሮ ይታያል። ከዚያ የወጣችው፣ በረዶው ዝናቡንና የድንጋዩን መበላት ሲያስቆም የእሳተ ገሞራው ካርቦን ለሚሊዮኖች ዓመታት እየተጠራቀመ ስላሞቃት ነው።

የቴርሞስታቱ ችግር ፍጥነቱ ነው፤ ከመቶ ሺህ ዓመት በታች አያስብም። አንዳንዶች አሁን ሊያፋጥኑት እየሞከሩ ነው። ባዛልት የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ ፈጭተው እርሻ ላይ ይበትናሉ፤ አሜሪካ፣ ብራዚልና ሕንድ ውስጥ ሙከራዎች አሉ። የእኛ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት በፈሰሰ በዚሁ ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ ጥሬ ዕቃው አይቸግርም። ሒሳቡ የሚከብደው ድንጋዩን ለመፍጨትና ለማጓጓዝ የሚቃጠለው ናፍጣ ሲቀነስ ነው።